ገጸ ባህርይን ማቆም፣ ከዚያ ማንቀሳቀስ፦ የአኒሜሽን ጀማሪ ትምህርት

አኒሜሽን የሚማር ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በኳስ ነው። ኳሱ ይወድቃል፣ ይነጥራል፣ ይቆማል። ጫፍ ላይ ሲደርስ ይዘገያል፣ ወደ መሬት ሲቃረብ ይፈጥናል። የጎማ ኳስና የብረት ኳስ በሥዕል አንድ ዓይነት ክብ ናቸው፤ የሚለዩት በሚነጥሩበት መንገድ ነው።

ቀጥሎ አቋቋም ይመጣል፣ ተማሪዎች ፖዝ የሚሉት። ብዙ ሰው ቶሎ ወደ እንቅስቃሴ ለመሄድ ይህን ይዘለዋል። ያሳዝናል፤ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ነው። የኮምፒውተር ገጸ ባህርይ ውስጡ ሪግ የሚባል አጥንት መሰል ነገር አለው። መጀመሪያ ሲከፈት እጁን ዘርግቶ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ነፍስ የሚዘራበት ተማሪው ነው።

ውሃ የሞላ እንስራ ያዘለች ሴት እናስብ። ወገቧ ጎንበስ ይላል፣ አንገቷ ወደ ፊት ይወጣል፣ ገመዱን ደረቷ ላይ ጨብጣ ትይዛለች። ጀርባዋን ቀጥ ካደረግነው እንስራው ባዶ ሆነ ማለት ነው። ጀማሪ እጅ ማስተካከል ይቀናዋል። ከዳሌ ቢጀምር ግን ይሻለዋል፣ ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነውና። ሰው በአንድ እግሩ ተደግፎ ሲቆም በዚያ በኩል ዳሌው ከፍ፣ ትከሻው ዝቅ ይላል። ፖዙ ሲያልቅ ገጸ ባህርዩን ሙሉ በሙሉ ጥቁር መቀባት ነው። ጥላው ብቻ ቀርቶም ምን እያደረገ እንደሆነ ከገባን፣ ሠርቷል።

ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል አለው። ተማሪው ዋና ዋናዎቹን ፖዞች ያስቀምጣል፣ መሃሉን ኮምፒውተሩ ይሞላል። አሞላሉ ግን ልስልስ ስለሚል ሰውየው ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። የቱ ጋ መፍጠን፣ የቱ ጋ መቆየት እንዳለበት የሚወስነው ተማሪው ነው። የተለመደ እርምጃ 12 ፍሬም ያህል ይወስዳል፦ እግር መሬት ይነካል፣ ሰውነት ዝቅ ይላል፣ አንዱ እግር በሌላው አጠገብ ያልፋል፣ ሰውነት ከፍ ይላል።

የዲዝኒ አኒሜተሮቹ ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሟቸው 12 የአኒሜሽን መርሆች ዛሬም የትምህርቱ መሠረት ናቸው። ብሌንደር የተባለው የአኒሜሽን መሥሪያ ሶፍትዌር ደግሞ በነፃ ስለሚገኝ ገንዘብ ለሌለው ተማሪ ትልቅ እፎይታ ነው።

ለናሙና ስልክ ይበቃል። ተማሪው ከወንበር ሲነሳ ራሱን ይቀርጽና ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም ያያል። ቂጡ ከወንበሩ ከመነሳቱ በፊት ጭንቅላቱ ወደ ፊት ሲሄድ ያገኘዋል።