ስማቸው ያልገነነ የጃዝ ሰዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጃዝ ሸክላ እሰበስባለሁ። ስለ ማይልስ ዴቪስ ወይም ስለ ኮልትሬን ሳወራ ሁሉም ሰው ይሰማኛል፤ ቲና ብሩክስ ስል ግን ወሬው ይቀዘቅዛል። ከዚያ የሚመጡት መልሶች ሁሌም ያው ናቸው። ዛሬ አንድ በአንድ ልመልሳቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ጥሩ ቢሆን ኖሮ ስሙን እንሰማ ነበር»

በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ቲና ብሩክስ ቴነር ሳክስፎን ተጫዋች ነው። ቲና ሲባል ሴት እንዳይመስላችሁ፣ ስሙ ሃሮልድ ነው፤ ቲና የልጅነት ቅጽል ስሙ ነው። ከ1958 እስከ 1961 ድረስ በራሱ መሪነት አራት አልበም የሚሆን ሙዚቃ ብሉ ኖት ለሚባለው የጃዝ ሸክላ አሳታሚ ቀረጸ። በሕይወት እያለ ገበያ ላይ የዋለው ግን አንዱ ብቻ ነው፣ «ትሩ ብሉ»። ከቀሩት አንዱማ መለያ ቁጥር ወጥቶለት፣ ሽፋኑም ተዘጋጅቶለት ነበር፤ ሳይወጣ ቀረ። ብሩክስ በ1974 በ42 ዓመቱ ሞተ። ታዲያ ስሙን ከየት እንስማው? ሙዚቃው ሱቅ አልደረሰም እኮ።

እኔ ያገኘሁት በሌላ ሰው ሸክላ ጀርባ ላይ ነው። «ኦፕን ሴሳሚ» ትራምፔት ተጫዋቹ ፍሬዲ ሃበርድ በራሱ ስም ያወጣው የመጀመሪያ አልበም ነው። ሽፋኑን ገልብጬ የአልበሙን መጠሪያ ዜማ የደረሰው ማን እንደሆነ ሳይ ሃበርድ አይደለም፣ ብሩክስ ነው። ያ አልበም የተቀረጸው ጁን 19 ቀን 1960 ነው። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ጁን 25፣ ሁለቱ እንደገና ስቱዲዮ ገቡ፤ አሁን መሪው ብሩክስ፣ አጃቢው ሃበርድ ሆነ። «ትሩ ብሉ» የሚባለው ይሄ ነው። ካሉት ስድስት ዜማዎች አምስቱ የራሱ የብሩክስ ድርሰት ናቸው። የመጀመሪያውን፣ «ጉድ ኦልድ ሶል»ን ስሙት። ድምፁ አይጮህም። ሆዱ የባሰው ሰው ቀስ ብሎ እንደሚያወራ ነው የሚጫወተው፣ የሚለው ነገር ግን አያልቅበትም። ሃበርድ በዓለም ታወቀ። ብሩክስ ከ1961 በኋላ አንድም አልበም አልቀረጸም።

«ያልወጣ ቀረጻ ስለማይረባ ነው የቀረው»

አይደለም። ብሉ ኖት በዚያ ዘመን ከሚያሳትመው በላይ ይቀርጽ ነበር። የሳክስፎን ተጫዋቹ የዌይን ሾርተር «ኤትሴትራ» በ1965 ተቀርጾ የወጣው በ1980 ነው። ፒያኖ ተጫዋቹ አንድሪው ሂል በዘጠኝ ሰው ባንድ የሠራው «ፓሲንግ ሺፕስ» ደግሞ ከ1969 እስከ 2003 ድረስ፣ 34 ዓመት ሙሉ፣ መጋዘን ውስጥ ተኛ። ሁለቱም በጣም ከምወዳቸው አልበሞች መሃል ናቸው።

«ሃንክ ሞብሊ ሁለተኛ ደረጃ ነው»

ይሄ የመጣው ከአንድ አባባል ነው። ሃያሲው ሊዮናርድ ፌዘር ሞብሊን የቴነር ሳክስፎን «የመካከለኛ ክብደት ሻምፒዮን» ብሎ ጠራው። ሰው «መካከለኛ» የምትለዋን ያዘና «ሻምፒዮን» የምትለዋን ረሳት። አባባሉ ከቦክስ የተወሰደ ነው፤ የሚናገረውም ስለ ድምፁ ክብደት እንጂ ስለ ችሎታው አይደለም። እንደ ኮልትሬን የከበደ አይደለም፣ እንደ ስታን ጌትዝም የቀለለ አይደለም። በዚያ ላይ በ1961 ማይልስ ዴቪስ ባንድ ውስጥ ሲገባ ኮልትሬን ለቆት በሄደው ቦታ ላይ ነበርና ሁሉም ሰው ከኮልትሬን ጋር እያስተያየ ሰማው።

እስቲ የሞብሊን አልበም «ሶል ስቴሽን»ን አውጡና መርፌውን መጀመሪያው ላይ አሳርፉት። «ሪሜምበር» የአርቪንግ በርሊን የ1925 ዘፈን ነው፤ ሲጻፍ ቫልስ ነበር፣ ባለ ሦስት ምት። ሞብሊ ባለ አራት ምት አድርጎ፣ ከአርት ብሌኪ ድራም ትንሽ ወደ ኋላ ቀረት እያለ ይጫወተዋል። አይፎክርም፣ አይቸኩልም። ዜማውን ተናግሮ ሲጨርስ ሶሎው ውስጥ የሚገባው እዚያው ወሬ ላይ እንዳለ ሰው ነው፤ አንዱ ሐረግ ሌላውን እየወለደ ይሄዳል፣ እናም መቼ ከዜማው እንደወጣ ሳታውቁት ሩቅ ወስዷችኋል። ይሄን ሁለተኛ ደረጃ ማለት አልችልም።

«ሃርፕ ለጃዝ አይሆንም»

ከባድ ነው ቢባል እስማማለሁ። ትልቁ ሃርፕ 47 ክር እና 7 ፔዳል አለው። ጃዝ ውስጥ ኮርዱ (አብረው የሚመቱት ድምፆች) ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፣ ሃርፕ ላይ ደግሞ አንዱን ድምፅ በግማሽ ከፍ ወይም ዝቅ ለማድረግ ፔዳል መርገጥ ያስፈልጋል። ማለትም እጅ ሲጫወት እግር አስቀድሞ እያሰበ መሄድ አለበት። የዲትሮይቷ ዶሮቲ አሽቢ ይሄን ሁሉ በ1950ዎቹ ሠርታዋለች። «ሂፕ ሃርፕ»ን (1958) ስሙ። ለጌጥ ጣል የተደረገ ሃርፕ አይደለም፤ እንደ ፒያኖ ኮርድ ይይዛል፣ እንደ ጊታር ሶሎ ይወጣል። በ1968 «አፍሮ ሃርፒንግ»ን አወጣች፣ እሱንም ከዓመታት በኋላ የሂፕ ሆፕ ሰዎች እየቆረጡ ተጠቀሙበት። ስቲቪ ዋንደር በ1976 ባወጣው «ኢፍ ኢትስ ማጂክ» ላይ ከድምፁ ጋር የምትሰሙት ሃርፕም የእሷ ነው።

«ሄርቢ ኒኮልስ? ሰምቼው አላውቅም»

ዜማውን ግን ሳትሰሙት አትቀሩም። «ሌዲ ሲንግስ ዘ ብሉዝ» የእሱ ዜማ ነው፤ ግጥሙን የጻፈችው ቢሊ ሆሊዴይ ናት። ፒያኖ ተጫዋቹ ኒኮልስ በ1955 እና በ1956 ለብሉ ኖት በትሪዮ (በሦስት ሰው ባንድ) የቀረጻቸውን ፈልጉና ድራሙን ተከታተሉ፤ ለአጃቢነት ብቻ ሳይሆን ከፒያኖው ጋር እንዲነጋገር የተጻፈ ነው የሚመስለው። በ1963 በ44 ዓመቱ በሉኪሚያ ሞተ።

«ውድ ሸክላ ማለት ጥሩ ሙዚቃ ማለት ነው»

ዋጋው የሚነግራችሁ ስንት ኮፒ እንደተረፈ ነው። የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» በሚሊዮን የሚቆጠር ስለተሸጠ በቀላሉ ይገኛል። የ«ትሩ ብሉ» የመጀመሪያ እትም የሚወደደው ስለማይገኝ ነው። አዎ፣ እኔም የድሮ ብሉ ኖት እጄ ሲገባ መብራት ስር አዘንብዬ ከመጨረሻው ዘፈን ቀጥሎ ባለው ባዶ ክብ ላይ ጆሮ የምትመስለውን ትንሽ ምልክት እፈልጋለሁ። እስከ 1966 ድረስ ሸክላዎቹን ያትም የነበረው ፋብሪካ ምልክት ናት፤ ሳገኛት ደስ ይለኛል። ግን ሙዚቃው በርካሹ እትምም ያው ሙዚቃ ነው። 180 ግራም የሚመዝን ወፍራም ሸክላ ስለሆነ ድምፁ ይሻላል የሚባለውንም እርሱት፤ ወሳኙ ማስተሪንጉ፣ ማለትም ቀረጻው ለሸክላ የሚዘጋጅበት ሥራ፣ እና የአተማመኑ ጥራት ነው።

«ከ1970 በኋላ ጃዝ አለቀለት»

ትልልቆቹ አሳታሚዎች ፊታቸውን አዞሩ እንጂ ሙዚቀኞቹ አላቆሙም። በ1971 ሙዚቀኞቹ ቻርልስ ቶሊቨርና ስታንሊ ካውል ኒው ዮርክ ውስጥ ስትራታ ኢስት የሚባል ሸክላ አሳታሚ መሠረቱ፤ ሙዚቀኛው ያለቀለትን ቀረጻ ይዞ ይመጣል፣ ባለቤትነቱም የራሱ ሆኖ ይቀራል። እዚያ ከወጡት ውስጥ ለሰው ሁሉ የማስደምጠው የሳክስፎን ተጫዋቹን የክሊፎርድ ጆርዳን «ግላስ ቢድ ጌምስ»ን (1974) ነው። ሁለት ሸክላ፣ ሁለት ኳርቴት (የአራት ሰው ባንድ)። ፒያኖውና ቤዙ ይቀያየራሉ፣ ድራሙ ላይ ግን በሁለቱም ቢሊ ሂጊንስ ነው። በአንደኛው ኳርቴት ቤዝ የሚጫወተው ቢል ሊ ነው፣ የፊልም ዳይሬክተሩ የስፓይክ ሊ አባት። በሌላኛው ሳም ጆንስ። አሁን ደግሞ የ«ትሩ ብሉ»ን ሽፋን ገልብጡና ቤዝ የሚለውን እዩ፦ ሳም ጆንስ።