ኻሪፍ ምንድን ነው? ራቢስ?

የሕንድን የእርሻ ዜና የሚከታተል ሰው ሁለት ቃላት እየተደጋገሙ ይገጥሙታል፤ ኻሪፍና ራቢ። የኻሪፍ ዘር ዘገየ ይባላል፤ መንግሥት የራቢ ሰብሎችን ዋጋ አስታወቀ ይባላል። ሁለቱም የሰብል ወቅት ስሞች ናቸው። ኻሪፍ ሞንሱን ከተባለው የክረምት ዝናብ ጋር ተዘርቶ ዝናቡ ሲያባራ የሚሰበሰበው ነው። ራቢ ደግሞ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ተዘርቶ በቀዝቃዛው ወራት የሚያድገውና ሙቀቱ ሲመለስ የሚታጨደው ነው። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ሁለቱን በሠንጠረዥ ግራና ቀኝ አስቀምጠው፣ አንዱን የዝናብ፣ ሌላውን የመስኖ እርሻ ብለው ያልፋሉ። ሠንጠረዡ ውሸት አይደለም፤ ግን ገበሬው የሚጨነቅበትን ነገር አያሳይም። በብዙ የሕንድ አካባቢዎች ኻሪፍና ራቢ የሚፈራረቁት በዚያው በአንዱ ማሳ ላይ ነው። የፊተኛው ሳይለቅ የኋለኛው አይገባም።

መነሻው ነፋስ ነው። በሚያዝያና በግንቦት የሰሜን ምዕራብ ሕንድ ምድር ክፉኛ ይግላል፤ በላዩ ያለው አየር ስለሚሞቅና ስለሚቀልል፣ ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት የተሸከመ ነፋስ ወደ ውስጥ ይሳባል። ይህ የደቡብ ምዕራብ ሞንሱን አብዛኛውን ጊዜ ግንቦት 24 (ጁን 1) ገደማ ኬራላ ይደርሳል፤ በሐምሌ መጀመሪያ አገሩን ያዳርሳል፤ መስከረም በገባ በሳምንቱ ከራጃስታን በኩል ማፈግፈግ ይጀምራል። ሕንድ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ሦስት አራተኛው ያህል የሚወርደው በእነዚህ አራት ወራት ሲሆን፣ የአገሪቱ የአራቱ ወራት አማካይ ወደ 87 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። እርግጥ ይህ አማካይ የራጃስታንን በረሃና የሜጋላያን ተራሮች አንድ ላይ የደመረ ስለሆነ፣ ለአንድ ገበሬ የሚነግረው ብዙ ነገር የለም።

የኻሪፍ ዘር ጊዜ ሰኔና ሐምሌ ነው። ሩዝ ከሁሉ ይበልጣል፤ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ባጅራ የሚባለው ድርቅ ቻይ እህል፣ ጥጥ፣ ኦቾሎኒ፣ አኩሪ አተር፣ ማሾና የርግብ አተር ይከተሉታል። ሰብሉ እንደ አገሩ ይለያያል። በምዕራብ ቤንጋል ሩዝና ጁት (የጆንያ ቃጫ)፣ በጉጃራትና በማሃራሽትራ ጥጥ፣ በማድያ ፕራዴሽ አኩሪ አተር ይበዛል። አዝመራው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ይሰበሰባል። ዝናቡ ሲያጥር ጉዳቱ ወዲያው ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የሞንሱኑ ዝናብ ከአማካዩ በ22 በመቶ አንሶ ነበር፤ የዚያ ዓመት የኻሪፍ ሩዝም አብሮ ቀነሰ።

ራቢ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይዘራል፤ ከመጋቢት ጀምሮ ይታጨዳል። ንጉሡ ስንዴ ነው፤ ገብስ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ አተርና የሰናፍጭ ዘር አጃቢዎቹ ናቸው። እነዚህ ሲበቅሉ ቀዝቃዛ አየር፣ ሲያፈሩ ደግሞ ለስለስ ያለ ፀሐይ ይፈልጋሉ። ራቢ ያለ ዝናብ የሚያድግ ስለሚመስል ከሞንሱን ነፃ ነው የሚል አሳብ ይሰማል፤ እኔ አልቀበለውም። መስኖው የሚቀዳው ሞንሱን ከሞላው ግድብና ከርሰ ምድር ነው። መስኖ በሌለበት በደካን አምባ ደግሞ ጥቁሩ የመረሬ አፈር የክረምቱን እርጥበት አምቆ ስለሚያቆይ፣ ሽምብራም ማሽላም በዚያ ቀሪ እርጥበት ብቻ ይበቅላሉ። ለዚህም ነው የማሃራሽትራ ገበሬ ማሽላን በሁለቱም ወቅቶች ሲዘራ የሚታየው። የራቢ የራሱ የሆነ ዝናብ ቢኖር፣ ከሜዲትራኒያን አቅጣጫ በሚመጡ ነፋሶች ተገፍቶ በጥርና በየካቲት በሰሜን ምዕራብ ወዳሉት የፑንጃብና የሃርያና ግዛቶች ጎራ የሚለው ካፊያ ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ለስንዴው ግን ብርቅ ነው።

በሁለቱ መካከል፣ ከመጋቢት እስከ ሰኔ፣ ዛይድ የሚባል አጭር ወቅት አለ፤ ውሃ ያለው ገበሬ ሐብሐብ፣ ኪያር፣ አትክልትና የከብት መኖ ያመርትበታል። ሸንኮራ አገዳ ዓመት ገደማ ስለሚቆይ ከየትኛውም ወቅት አይገባም። ታሚል ናዱም ለብቻው ነው፤ ብዙውን ዝናብ የሚያገኘው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከሰሜን ምሥራቅ በሚነፍሰው ሞንሱን ነው። በምዕራብ ቤንጋል ደግሞ አውስ፣ አማንና ቦሮ የተባሉ ሦስት የሩዝ ወቅቶች አሉ።

የመሬት አጠቃቀም መዝገቡም የሚነበበው በዚህ አቆጣጠር ነው። የሕንድ የእርሻ ዓመት የሚጀምረው በጁላይ፣ ማለትም ከኻሪፍ ጋር ነው። ከአገሪቱ 328 ሚሊዮን ሄክታር ውስጥ በዘር የሚሸፈነው 140 ሚሊዮን ያህሉ ነው፤ ነገር ግን በዓመት ውስጥ የተዘራው ሁሉ ሲደመር ከ200 ሚሊዮን ሄክታር ይበልጣል፤ ሁለቴ የሚታረሰው ማሳ ሁለቴ ስለሚቆጠር ነው። ጦም ያደረ መሬትም በዕድሜው ይለያል፤ እስከ አንድ ዓመት ያረፈው ለብቻ፣ እስከ አምስት ዓመት የቆየው ለብቻ ይመዘገባል፤ ከዚያ ካለፈ ሊታረስ ሲችል የተተወ ተብሎ ይመደባል። ከዚህ ዑደት ውጭ የሆኑም አሉ። በሰሜን ምሥራቅ ተራሮች ደን መንጥሮና አቃጥሎ ጥቂት ዓመት አርሶ ወደ ሌላ ቦታ የሚዛወረው የጁም እርሻ አንዱ ነው፤ የአሳም ሻይ፣ የካርናታካ ቡናና የኬራላ ጎማ ደግሞ ቋሚ ተክሎች ናቸው።

ሁለቱ ወቅቶች እርስ በርስ የሚጠላለፉበትን ነገር ለማየት ግን ወደ ፑንጃብ መሄድ ያስፈልጋል። ፑንጃብ የስንዴ አገር ነው፤ ሕዝቡም በብዛት የሚበላው የስንዴ ቂጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ከሜክሲኮ የመጡት አጫጭር የስንዴ ዝርያዎች የራቢውን ምርት ካሳደጉ በኋላ፣ መንግሥት በተወሰነ ዋጋ ሩዝም ስለሚገዛ፣ ገበሬው ለኻሪፉ ሩዝ መትከል ጀመረ። ውሃው የሚመጣው ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ ደግሞ ለእርሻ የሚውለው ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ጊዜ በነፃ ነው። የሩዙ ችግኝ ሞንሱኑ ሳይደርስ፣ በግንቦት ሐሩር፣ በውሃ በተጥለቀለቀ ማሳ ላይ ይተከል ስለነበር የከርሰ ምድሩ ውሃ ከዓመት ዓመት ወደ ታች ሸሸ።

እ.ኤ.አ. በ2009 የፑንጃብ ምክር ቤት ከጁን 10 (ሰኔ 3) በፊት የሩዝ ችግኝ መትከልን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ውሃን ለማዳን ትክክለኛ ሕግ ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ዘግይቶ የተተከለ ሩዝ ዘግይቶ ይደርሳል፤ አጨዳው ወደ ጥቅምት አጋማሽ ተገፋ። ስንዴው በበኩሉ እስከ ኅዳር የመጀመሪያ ሳምንት መዘራት አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ የመጋቢት ሙቀት ይደርስበታል። ሙቀቱ ምን እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በ2022 ታይቷል፤ የዚያ ዓመት ማርች መለኪያ ከተጀመረበት ከ1901 ወዲህ ከተመዘገቡት ሁሉ የሞቀው ሆነ፤ ስንዴው ቀጨጨ፤ ሕንድም በሜይ የስንዴ ወጪ ንግድን አገደች።

ስለዚህ ገበሬው ሩዙን አጭዶ ስንዴውን ለመዝራት የሚቀረው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ነው። ኮምባይነር የሩዙን ራስ ብቻ ቆርጦ አገዳውን ከነሥሩ ትቶ ይሄዳል። የሩዝ ጭድ ለከብትም እምብዛም አይመረጥም። ፈጣኑና ርካሹ መፍትሔ ክብሪት ነው። በጥቅምትና በኅዳር ነፋሱ ስለሚረጋ፣ ጭሱ ከመኪናውና ከፋብሪካው ጋር ተቀላቅሎ ዴልሂ ላይ ይተኛል። ቅጣት ተሞክሯል፤ ጭዱን ሳያነሱ በላዩ ስንዴ የሚዘራ ማሽንም በድጎማ ተከፋፍሏል። ገበሬውን በመቅጣት ብቻ ይህ ይቆማል ብሎ መጠበቅ ግን ማሳውን አለማየት ነው፤ ችግሩ ያለው በቀን መቁጠሪያው ውስጥ ነው። አሁን የፑንጃብ የግብርና ሰዎች ተስፋ ያደረጉት ቶሎ በሚደርሱ የሩዝ ዝርያዎች ላይ ነው። ፒአር 126 የተባለው ፑሳ 44 ከተባለው ነባር ዝርያ አንድ ወር ገደማ ቀድሞ ይደርሳል፤ ውሃም ይቆጥባል። ፑሳ 44 ግን በሄክታር የሚሰጠው ምርት ይበልጣል፤ ሩዙ የሚሸጠው ደግሞ በክብደት ነው።