አሲሜትሪክ ጌም ምንድን ነው? በስታር ዋርስ ሪቤሊየን እንየው

ቼዝ ስትጫወቱ ሁለታችሁም ጋ ያለው ጠጠር እኩል ነው፣ ህጉም ያው፣ የምታሸንፉበትም መንገድ ያው፣ ነጭ ቀድሞ ከመጀመሩ በቀር ልዩነት የለም። አሲሜትሪክ ጌም ማለት ይሄ የሌለበት ጌም ነው፣ አንድ ቦርድ ዙሪያ ተቀምጣችሁ የሱ ጦር ሌላ የናንተ ሌላ፣ እሱ የሚያሸንፍበት ሌላ እናንተ የምታሸንፉበት ሌላ። ብዙ ሰው "አንዱ ጠንካራ አንዱ ደካማ የሆነበት" ብቻ ይመስለዋል፣ እሱ ግን ትንሹ ክፍል ነው፣ ዋናው ሁለቱ ሰዎች የሚፈልጉት ነገር መለያየቱ ነው።

ይሄን ከስታር ዋርስ ሪቤሊየን በላይ የሚያሳይ ቦርድ ጌም አላየሁም። ፋንታሲ ፍላይት ጌምስ በ2016 ነው ያወጣው፣ ከ150 በላይ የፕላስቲክ ሚኒየቸር (ትንንሽ ምስል) አለው፣ ካርታው ላይ 32 ሲስተም (ፕላኔት ያለበት ቦታ) አለ፣ እስከ 4 ሰው ይጫወተዋል ይባላል ግን እውነቱን ለመናገር የሁለት ሰው ጌም ነው። 3 ወይ 4 ሰዓት ስለሚወስድ ቀጠሮ ያለበት ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

አንዱ ሰው ጋላክሲውን የሚገዛውን ኢምፓየር ይይዛል፣ ትልቁ የጦር መርከብ ስታር ዲስትሮየሩ፣ ፕላኔት የሚያፈነዳው ዴዝ ስታሩ ምናምኑ ሁሉ የሱ ነው፣ በጉልበት ከሄደ ማንም አይችለውም። ሌላው ሪቤሎቹን (አመፀኞቹን) ይይዝና ገና ሲጀመር አንድ ሲስተም በሚስጥር መርጦ ካርዱን ይደብቃል፣ ቤዙ (ዋና የጦር ሰፈሩ) እዛ ነው ማለት ነው። ቤዙ ውስጥ ያለው ጦር ግን ካርታው ላይ አይቀመጥም፣ ከካርታው ጎን ለቤዙ ተብሎ የተሰራ ቦታ ላይ ነው የሚደረደረው፣ ስለዚህ ኢምፓየሩ ጦሩን በአይኑ እያየው የት እንዳለ ግን አያውቅም። ድብብቆሽ ነው በቃ፣ ፈላጊው ፕላኔት ማፈንዳት ይችላል እንጂ። ኢምፓየር የሚያሸንፈው ቤዙን አግኝቶ ሲይዘው ወይ ሲያወድመው ነው።

ሪቤሉስ? እሱ ጊዜ ነው የሚፈልገው። ቦርዱ ላይ ዙር የሚቆጥር መስመር አለ፣ የጊዜው ምልክት ከ1 ተነስቶ በየዙሩ አንድ ይራመዳል፣ የሪቤሎቹ ዝና ምልክት ደግሞ 14 ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሪቤሉ የተሰጠውን የአላማ ካርድ ባሳካ ቁጥር ዝናው ወደ ጊዜው ይጠጋል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ጋላክሲው ተነሳ ይባልና ሪቤል ያሸንፋል።

አሁን ይሄን አስሉት። ኢምፓየሩ በየዙሩ መጨረሻ ላይ 2 የፍለጋ ካርድ ያነሳል፣ ያነሳው ካርድ ላይ ያለው ሲስተም ቤዝ እንደሌለበት ያውቃል ማለት ነው። የኢምፓየሩ ዋና ከተማ ኮረሳንት ካርድ ስለሌለው ጠቅላላው 31 ነው፣ አንዱን ሪቤሉ ደብቆታል፣ 30 ይቀራል፣ በ2 ሲካፈል 15 ዙር። ጌሙ ግን ሪቤሉ ምንም ባያሳካ እንኳን የጊዜው ምልክት ከ1 ተነስቶ 14 ላይ ሲደርስ፣ በ13 ዙር ያልቃል! ስለዚህ ኢምፓየሩ ቁጭ ብሎ ካርድ በማንሳት አያሸንፍም፣ መውጣትና መገመት አለበት፣ ያ ሁሉ ጦር ይዞ የሚቸኩለው እሱ ነው፣ ደካማው ደግሞ ይጠብቃል። ብልሃቱ እዚህ ጋ ነው።

መቸኮሉም ቀላል አይደለም። ጦር ለማንቀሳቀስ መሪ መላክ ያስፈልጋል፣ ለምሳሌ ከኢምፓየሩ መሪዎች አንዱን ቬደርን ሚሽን (ተልዕኮ) ላይ ከመደባችሁት በዛ ዙር መርከብ አያንቀሳቅስም፣ ደግሞ የራሳችሁ መሪ ካለበት ሲስተም ጦር ማውጣት አይቻልም፣ እና አንድ መሪ ያለቦታው ከሄደ ትልቁ ጦራችሁ እዛው ተቆልፎ ይቀራል። በዛ ላይ መርከብ ብቻውን ቤዙ ያለበት ሲስተም ላይ ቢደርስ ሪቤሉ የመናገር ግዴታ የለበትም፣ እግረኛ ጦር መውረድ አለበት። ስታር ዲስትሮየሩ ባዶውን ሄዶ ቤዙ አናት ላይ ቆሞ ምንም ሳያውቅ ሲቀር ሪቤሉ ፊቱን ሳይቀይር መቀመጥ ነው ስራው።

ከሌሎቹ የስታር ዋርስ ጌሞች ጋር ስታወዳድሩት ልዩነቱ ይገባችኋል። በ2012 የወጣው ኤክስ ዊንግ ላይ መርከቦቹ በጣም ይለያያሉ፣ የኢምፓየሩ ታይ ፋይተር ፈጣን ግን ሺልድ (መከላከያ ጋሻ) የሌለው ነው፣ ሆኖም በተለመደው አጨዋወት ሁለቱም ወገን የሌላውን መርከብ ማውደም ነው የሚፈልገው፣ እሱን እኔ ሙሉ አሲሜትሪክ አልለውም። የ2014ቱ ኢምፔሪያል አሶልት ይቀርባል፣ በካምፔይኑ አንድ ሰው ኢምፓየሩን ይዞ እስከ 4 ጀግና ይገጥማል።

ሪቤሊየንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጫወት ሰው እኔ ኢምፓየሩን ነው የምሰጠው፣ ሚኒየቸሮቹ ራሳቸው ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግሩታል፣ ሪቤሉ ግን ካርዶቹን ካላወቀ የት ማስመሰል እንዳለበት አያውቅም። ሲጨርሱ ቦታ ተቀያይረው እንደገና ይግጠሙ፣ ጉልበቱ ካላቸው።