ሃይፖታላመስ ምንድን ነው? ትኩሳት ሲይዘንስ ለምን ይበርደናል?

ወባ የያዘው ሰው አስታማችሁ ታውቁ ይሆናል። ቴርሞሜትሩ 38.5 ይላል፣ ግንባሩ ሲነካ ያቃጥላል። እሱ ግን "በረደኝ፣ ደርቡልኝ" ይላል። ጋቢው ላይ ብርድ ልብስ ተጨምሮለትም ይንቀጠቀጣል። ሰውነቱ እየነደደ ብርዱ ከየት መጣ? ነገሩ ያለው አንጎል ውስጥ፣ ሃይፖታላመስ የምትባል ትንሽ ክፍል ጋ ነው።

ሃይፖታላመስ የምትገኘው ከአንጎል ሥር፣ መሃል ላይ፣ ፒቱታሪ ከሚባለው ሆርሞን አመንጪ ዕጢ በላይ ነው። ክብደቷ 4 ግራም ገደማ ነው። የአዋቂ ሰው አንጎል በሙሉ ሲመዘን ግን 1,300 ግራም አካባቢ ይሆናል። ይህችው ትንሽ ክፍል ሙቀታችንን፣ የሰውነታችንን ውሃ፣ ረሃብና ጥጋባችንን፣ እንቅልፋችንን፣ ብዙ ሆርሞኖችንም ትቆጣጠራለች። ውጭው ቢሞቅም ቢበርድም፣ ብንበላም ብንጾምም፣ የውስጡ ነገር ከልክ እንዳያልፍ ትጠብቃለች።

በደንብ የሚታየው የሙቀቱ ሥራዋ ነው። የደሙን ሙቀት ራሷ ትለካለች፤ የቆዳውን ደግሞ ነርቮች ያደርሱላታል። ጤነኛ ስንሆን 37 ዲግሪ አካባቢ ላይ ትይዘናለች። ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ የቆዳችን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ያልበናል። ሲቀንስ የደም ሥሮቹ ይጠብባሉ፣ ጡንቻችን ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ በከንቱ አይደለም፤ ጡንቻ ሲንቀጠቀጥ ሙቀት ያመነጫል።

አሁን ወደ ወባው ሰው እንመለስ። ተውሳኩ ቀይ የደም ሴሎችን እያፈነዳ ይወጣል። በሽታ የሚከላከሉት ሴሎች ይህን ሲያገኙ ኬሚካሎች ይለቃሉ፣ በእነሱ ምክንያትም ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይመረታል። ፕሮስታግላንዲኑ ሃይፖታላመስ ላይ ሲሠራ የሙቀቱ ልክ ከ37 ተነስቶ፣ እንበልና፣ 40 ይሆናል። ስለዚህ 38.5 ላይ ያለው ሰውዬ በሃይፖታላመስ ሂሳብ ገና በርዶታል። አዲሱ ልክ ላይ እስኪደርስ ታንቀጠቅጠዋለች፣ ጋቢ ታስጠይቀዋለች። ሲደርስ መንቀጥቀጡ ይቆምና ቆዳው ይግላል። ኋላ ልኩ ወደ 37 ሲመለስ ደግሞ የተጠራቀመው ሙቀት መውጣት አለበት። ያኔ ነው አንሶላው እስኪርስ ላብ በላብ የሚሆነው።

ፓራሲታሞል የሚሠራው እዚችው ላይ ነው። የፕሮስታግላንዲኑን ምርት ይቀንሳል፣ ልኩ ይወርዳል፣ ታማሚው ቀለል ይለዋል። ተውሳኩን ግን አይነካውም። "ትኩሳቱ በረደ" ብሎ የደም ምርመራውን መተው ሕይወት ያስከፍላል። እባካችሁ ተመርመሩ።

ትኩሳት የሚመስል ግን ትኩሳት ያልሆነ ነገርም አለ። በበጋ ሪያድ ወይም ዱባይ ፀሐይ ላይ ሲሠራ ውሎ መዘባረቅ የጀመረ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ሙቀቱ ከ40 ሊያልፍ ይችላል። እሱ ላይ ልኩ አልተነሳም፤ እዚያው 37 ላይ ነው። ሰውነቱ ሙቀቱን ማስወጣት አቅቶት ነው። ስለዚህ ፓራሲታሞል ምንም አይፈይድለትም። አምቡላንስ ጥሩ፤ እስኪደርስ ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ፣ ልብሱን አቅልላችሁ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሳችሁበት አራግቡለት።

የውሃውም ነገር ተመሳሳይ ነው። ጨው የበዛበት ምግብ ስንበላ ደማችን ትንሽ ይወፍራል። አንድ ሁለት በመቶ ለውጥ ይበቃታል፣ ወዲያው ያስጠማናል። ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያዝዘውን ሆርሞንም ታስለቅቃለች። አልኮል ይህንን ሆርሞን ያፍናል። ቢራ የጠጣ ሰው ሽንት ቤት የሚመላለሰው፣ ጠዋት አፉ ደርቆ የሚነሳውም በዚህ ነው።

ከፒቱታሪ ዕጢ ጋር ያላት ግንኙነት ለብዙ ዘመን አከራካሪ ነበር። ሁለት ሳይንቲስቶች፣ ሮጀር ጊየሚን ከበግ፣ አንድሪው ሻሊ ከአሳማ አንጎል፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሃይፖታላመስ ሰብስበው ጥቂት ሚሊግራም ብቻ የምትሆን ሆርሞን አጣሩ። ፒቱታሪን የሚያዘው ከሃይፖታላመስ የሚመጣ ኬሚካል መሆኑ ተረጋገጠ፣ እነሱም በ1977 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። የልፋታቸው መጠን እስካሁን ይገርመኛል።

ይህ ትእዛዝ ሲቀንስ ምን እንደሚሆን ሯጭ ሴቶች ላይ ይታያል። ልምምዱ ከባድ፣ ምግቡ ትንሽ ሲሆን የወር አበባ ሊቆም ይችላል። ማህፀኗም እንቁላል ማፍሪያዋም ጤነኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ሃይፖታላመስ ጉልበቱ ለእርግዝና አይበቃም ብላ ትእዛዙን ቀንሳ ነው። አንዳንድ አሠልጣኝ ይህንን የጥሩ አቋም ምልክት አድርጎ ያየዋል። ትልቅ ስህተት ነው። ትእዛዙ ሲቀንስ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞንም ይቀንሳል፤ እሱ ሲቀንስ አጥንት ይሳሳል፣ ሩጫው ላይም ይሰነጠቃል። ሦስት ወር የቀረባት ልጅ ሐኪም ማየት አለባት፣ ምግቧም መጨመር አለበት።