«ቀለም እኮ ነው፣ ይታጠባል!» ስለ ግራፊቲና ንብረት ማበላሸት ቅጣት በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ግድግዳ ላይ ቀለም ሲረጭ የተያዘ ሰው የመጀመሪያ ቃሉ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ምን አጠፋሁ? ቀለም እኮ ነው!» የሚሰማውም ሰው በልቡ ግማሽ ያህል ይስማማል። መስኮት አልተሰበረ፣ በር አልተገነጠለ፣ ሰው አልተጎዳ።

ሕግ ግን ሥዕሉን ከማየቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቃል። ግድግዳው የማን ነው? ወደ ነበረበት ለመመለስስ ስንት ያስወጣል? ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከነዚህ ጥያቄዎች አንዱን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው። ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ ምሳሌ የማመጣው ከተለያዩ አገሮች ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«ምንም አልሰበርኩም፤ ቀለሙ በውኃ ይለቃል»

ይህንን ክርክር በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ያነሱ ሰዎች ነበሩ። የኑክሌር መሣሪያ ተቃዋሚዎች ሂሮሺማን ለማስታወስ የእግረኛ መንገድ ላይ የሰው ጥላ የሚመስሉ ምስሎች ሳሉ። ቀለሙን የመረጡት አስበውበት ነው፤ በውኃ የሚለቅ፣ ዝናብና የእግር ኮቴ ቀስ በቀስ የሚያጠፋው። የአካባቢው አስተዳደር ግን ዝናብ አልጠበቀም። ሠራተኛ አሰማርቶ በከፍተኛ ግፊት ውኃ አጠበው። በ1986 ፍርድ ቤቱ «ይህም ንብረት ማበላሸት ነው» አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አስተዳደሩ ለማጽዳት ገንዘብ አውጥቷል፣ ሰው አሠርቷል። ጉዳቱ ዘላቂ መሆን የለበትም።

ጀርመን ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሌላ መንገድ ሄዳለች። እዚያ ፍርድ ቤቶች ግድግዳው ራሱ መጎዳቱን ይፈልጉ ነበር። ቀለሙ ሲነሳ ከሥሩ ያለው ልስን ተነካ ወይስ አልተነካም? በዚህ ጥያቄ ብቻ ስንት የባለሙያ ምርመራ ተደረገ፣ ስንቱስ በነፃ ወጣ። በ2005 ሕጉ ተሻሻለና የዕቃን መልክ ያለ ፈቃድ መቀየር ራሱን የቻለ ወንጀል ሆነ። ለውጡ ቀላል የማይባልና ለጊዜው ብቻ የማይቆይ ከሆነ እስከ 2 ዓመት እስራት ያስከትላል። እናም «ቀለም ብቻ ነው» የሚለው መከራከሪያ ድሮ ጀርመን ውስጥ ትንሽ ያስኬድ ነበር፤ አሁን ግን አያስኬድም።

ደግሞስ በእርግጥ ይታጠባል? በመስታወት ወይም በሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ከሆነ፣ አዎ። ሸክላ ጡብ ወይም የኖራ ድንጋይ ላይ ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው። ድንጋዩ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። የሚረጨው ቀለም ገና ፈሳሽ ሳለ እዚያ ውስጥ ይሰርጋል፣ ከዚያ ይደርቃል። ማሟሟቻ ኬሚካል ሲቀባ የላዩ ይለቃል፤ የቀረው ግን ቀጥኖ ወደ ውስጥ ይገፋል። በግፊት ውኃ ሲመታ ደግሞ የድንጋዩ ቆዳ ይላጣል። መጨረሻ ላይ ፊደሎቹ በጥላ መልክ እንደታተሙ ይቀራሉ፣ ወይም ታጥቦ የነጣው ቦታ ከሩቅ ይለያል። ለዚህ ነው የጽዳት ሂሳቡ አንዳንዴ የሚያስደነግጠው።

«ቆንጆ ሥዕል ከሆነ ወንጀል አይደለም»

ዳኛ የሥዕል ውድድር አይዳኝም። ግሩም ሥዕልም ሆነ የተዝረከረከ ፊርማ (ረጪው በቀለም የሚተወው ስም)፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከሆነ መነሻቸው እኩል ነው። ልዩነት የሚያመጣው ፈቃዱ ነው፤ እሱም በቃል «እሺ» ከመባል ይልቅ በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል። የሲንጋፖር ሕግ እንዲያውም የባለንብረቱን ወይም የያዡን የጽሑፍ ፈቃድ በግልጽ ይጠይቃል። ተከራዩ ፈቅዶ ባለቤቱ የማያውቅበት ግድግዳም ስንቱን አጨቃጭቋል።

ይህ ስህተት ግን የተገላቢጦሽም አለው። እሱን ሳነብ እኔም ተገርሜያለሁ። ብዙ ባለንብረት «ግድግዳው የእኔ ነው፣ ባሻኝ ቀን አጠፋዋለሁ» ብሎ ያስባል። ኒው ዮርክ ኩዊንስ ውስጥ ፋይቭ ፖይንትዝ የሚባል የፋብሪካ ሕንጻ ነበር። ባለቤቱ ለዓመታት ሠዓሊዎች እንዲሥሉበት ፈቅዶ ነበርና ቦታው የቱሪስት መስህብ ሆነ። በኋላ ሕንጻውን አፍርሶ መኖሪያ አፓርታማ ሊሠራ ፈለገ። በኅዳር 2013 አንድ ሌሊት ሥዕሎቹን ነጭ ቀለም አስቀባባቸው። ሠዓሊዎቹ በ1990 የወጣውን የሠዓሊያን መብት ሕግ ይዘው ከሰሱት። በ2018 ፍርድ ቤቱ ለ45 ሥዕሎች እያንዳንዳቸው 150,000 ዶላር፣ በድምሩ 6.75 ሚሊዮን ዶላር ለ21 ሠዓሊዎች እንዲከፍል ወሰነ። በ2020 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናው። ዳኛው የተናገሩት ነገር አለ፦ ሰውዬው የማፍረሻ ፈቃዱ እስኪደርስ አሥር ወር ቢታገስ ኖሮ ሆን ብሎ አጠፋ አይባልም ነበር። አንድ ሌሊት መቸኮል ይህን ያህል አስከፈለው።

ይህ ማለት ግን ያለ ፈቃድ የሣለ ሁሉ እንዲህ ይካሳል ማለት አይደለም። እነዚያ ሥዕሎች የተሣሉት በፈቃድ ነው።

«ቢበዛ ትንሽ መቀጮ ነው»

መጀመሪያ መቀጮና ካሳ ይለያያሉ። መቀጮው ለመንግሥት ይገባል። ካሳው ለባለቤቱ ነው። አንዱን መክፈል ከሌላው ነፃ አያወጣም። 500 ተቀጥቶ «አለቀ» ብሎ የወጣ ሰው በሳምንቱ የጽዳት ደረሰኝ የያዘ ሌላ ክስ ሊደርሰው ይችላል።

ሁለተኛ፣ የቅጣቱ መጠን በጉዳቱ ዋጋ ላይ ይንጠለጠላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ድንበሩ 400 ዶላር ነው። ከዚያ በታች ከሆነ እስከ አንድ ዓመት በአካባቢው እስር ቤትና እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ። 400 ዶላር ከደረሰ ዐቃቤ ሕግ እንደ ከባድ ወንጀል ሊከስ ይችላል፣ መቀጮውም እስከ 10,000 ይወጣል። ጉዳቱ 10,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ እስከ 50,000። አንዲት ጣሳ ቀለም ስንት ትገዛለች? እሱን ማንም አይጠይቅም። የሚቆጠረው ግድግዳውን ለመመለስ የወጣው ነው። ተራ ቆርቆሮ ላይ የተረጨና የተወለወለ እብነ በረድ ላይ የተረጨ ያው አንድ ፊርማ፣ ዋጋው ሰማይና ምድር ነው።

በጥቅምት 2022 ለንደን ውስጥ ሁለት የአየር ንብረት ተሟጋች ወጣቶች በቫን ጎግ የሱፍ አበባ ሥዕል ላይ የታሸገ የቲማቲም ሾርባ ደፉበት። ሥዕሉ በመስታወት ስለተሸፈነ ምንም አልሆነም። ብዙ ሰው «ታዲያ ምን ተጎዳ?» ብሎ ዜናውን ረሳው። ሾርባው ግን ወደ ታች ሲወርድ ያረፈው አሮጌ ፍሬም ላይ ነበር። ጉዳቱ እስከ 10,000 ፓውንድ ተገመተ። በ2024 አንዷ 2 ዓመት፣ ሌላዋ 20 ወር ተፈረደባቸው። በፍሬም!

«ሲንጋፖር ቀለም የነካን ሁሉ ትገርፋለች»

ይህን የምንሰማው በ1994 አንድ የ18 ዓመት አሜሪካዊ በመገረፉ ነው። መኪኖች ላይ ቀለም በመርጨትና የተሰረቁ የመንገድ ምልክቶችን ይዞ በመገኘት ጥፋተኛ ተባለ። አራት ወር እስራት፣ 3,500 የሲንጋፖር ዶላር መቀጮ፣ ስድስት አርጩሜ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ጣልቃ ገብተው ከለመኑ በኋላ አርጩሜው ወደ አራት ዝቅ አለ። ጨርሶ ግን አልቀረም።

ሕጉ በ1966 የወጣ ነው። እስከ 2,000 የሲንጋፖር ዶላር መቀጮ ወይም እስከ 3 ዓመት እስራት፣ ከዚያ ላይ ከ3 እስከ 8 አርጩሜ ይላል። ሁሉም ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያ ጥፋት በእርሳስ፣ በክራዮን፣ በጠመኔ ወይም በሌላ በሚለቅ ነገር የጻፈ አይገረፍም። አርጩሜው በማይለቅ ቀለም ለጻፈ ነው። ሴቶችና ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶችም አይገረፉም። እንግዲህ «ይለቃል» የሚለው መከራከሪያ እንግሊዝ ውስጥ ውድቅ ሲሆን፣ ዓለም በጭካኔዋ በሚያውቃት በሲንጋፖር ጀርባን ያተርፋል።

«ልጅ ነው፤ ሕግ አይነካውም»

ልጅ ማለት እስከ ስንት ዓመት? እንግሊዝ ውስጥ የወንጀል ኃላፊነት በ10 ዓመት ይጀምራል፣ ጀርመን ውስጥ በ14። የ12 ዓመት ልጅ አንዱ ጋ ይከሰሳል፣ ሌላው ጋ አይከሰስም። ለወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ከእስር ይልቅ የማኅበረሰብ አገልግሎት ነው፤ ብሩሽና ባልዲ ይዞ የሌላ ሰው ፊርማ ማጠብን ይጨምራል።

ከዚያ ወላጅ አለ። በካሊፎርኒያ ልጁ ሆን ብሎ ላደረሰው ጉዳት ወላጅ እስከ 25,000 ዶላር ሊጠየቅ እንደሚችል ሕጉ ይላል፤ ጣሪያው ደግሞ ከኑሮ ውድነቱ ጋር እየታየ ከፍ ይላል። ጀርመን ግን ተቃራኒው ስህተት ነው ያለው። ግንባታ ቦታ ሁሉ «ወላጆች ለልጆቻቸው ይጠየቃሉ» የሚል ቢጫ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ሰዉም ሕግ ይመስለዋል። ወላጅ የሚጠየቀው ልጁን በአግባቡ ካልተቆጣጠረ ብቻ ነው። ሰሌዳው ራሱ የተሳሳተ አመለካከት ነው፣ ያውም በብሎን የተመታ።

ሻጩም አይቀርለትም። እንግሊዝ ውስጥ ከ2003ቱ ሕግ ወዲህ ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሚረጭ ቀለም መሸጥ ያስቀጣል።

«እጅ ከፍንጅ ካልያዙኝ ምንም አያመጡም»

ይሄ በጣም የዋህ አስተሳሰብ ነው። የግራፊቲ ትርጉሙ እኮ ስምን መተው ነው! አንድ ሰው ያንኑ ፊርማ፣ በዚያው የእጅ አጣጣል፣ በአርባ ቦታ ከረጨ መርማሪ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ከዚያ ስልክ አለ፣ ኢንስታግራም አለ፣ ቤት ሲፈተሽ የሚገኝ የልምምድ ደብተር አለ። አንድ ቀን ተይዞ ለአርባው የሚጠየቅ አይጠፋም። ኒው ዮርክን በመሳሰሉ ቦታዎች ደግሞ ሊጽፍበት ማሰቡን በሚያሳይ ሁኔታ ቀለሙን ይዞ መገኘት ብቻውን ያስከስሳል።

«መልእክቱ ፖለቲካ ነው፤ ሐሳብን የመግለጽ መብት አለኝ»

መብቱ አለ። የሌላው ሰው ግድግዳ ግን ወረቀትህ አይደለም። ነገሩ እንዲህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። በ2020 ብሪስቶል ውስጥ ሰልፈኞች የባሪያ ነጋዴውን የኤድዋርድ ኮልስተንን ሐውልት ገንድሰው ወደብ ውስጥ ጣሉት። አራት ሰዎች ተከሰሱ። በጥር 2022 ከተራ ዜጎች የተውጣጡ የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) በነፃ አሰናበቷቸው። ብዙ ሰው «ዓላማው ጥሩ ከሆነ ይፈቀዳል ማለት ነው» ብሎ ተረዳው።

አልሆነም። በዚያው ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነጥቡን አንስቶ፣ ከባድ ጉዳት ያደረሰ ሰው በተቃውሞ መብት ሊከላከል አይችልም አለ። የነፃ ውሳኔው ግን አልተሻረም። በ2022 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ለመታሰቢያ ሐውልቶች የነበረውን የዋጋ ገደብ አነሳ። ድሮ ጉዳቱ ከ5,000 ፓውንድ በታች ከሆነ ጉዳዩ በታችኛው ፍርድ ቤት በሦስት ወር እስራት ጣሪያ ያልቅ ነበር። አሁን ሐውልት ላይ ከሆነ በርካሽ ጉዳትም እስከ 10 ዓመት ድረስ ሊሄድ ይችላል።

«ባዶ ሕንጻ ባለቤት የለውም» እና «የጋራችን ነው»

ባዶ ሕንጻ ባለቤት አለው፤ ባንክ፣ ወራሽ ወይም መንግሥት። የጋራ ንብረትም እንደዚያው። በእንግሊዝ ሕግ ንብረቱ ላይ ሌላ ሰው ድርሻ ካለው «የሌላ ሰው ንብረት» ይባላል። ተጣልቶ በጋራ የገዙትን መኪና የከሰከሰ ባል በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል።

«እኔ ተበዳይ ነኝ፤ የቀረው የፖሊስ ሥራ ነው»

ይህኛው የባለንብረቱ ስህተት ነው። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ግድግዳው የተበላሸበትን ባለቤት ራሱን በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲያጸዳ ያዛሉ፣ ካላጸዳም ይቀጡታል። ያናድዳል፣ ግን አለ። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ዐቃቤ ሕግ ለሕዝብ ጥቅም ሲል ራሱ ካልገባበት በቀር ክሱ በባለቤቱ አቤቱታ ላይ ይቆማል። ጊዜውም ድርጊቱንና አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ነው።

አንድ ወዳጄ ጠዋት ተነስቶ በሩ ላይ ቀይ ፊርማ ሲያይ ደሙ ፈላ። ጎረቤት ሳያይ ብሎ ማሟሟቻ ገዝቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ አጠበው። ከሳምንት በኋላ ፊርማውን የረጨው ልጅ ሌላ ቦታ ላይ ተያዘ። ወዳጄ ካሳ ሲጠይቅ «ፎቶው የታለ? ለማጽዳት ያወጡበት ደረሰኝስ?» ተባለ። በእጁ የቀረው ቀይ የነካው ጨርቅ ብቻ ነበር፣ እሱንም ሚስቱ ጥላዋለች።