በስመ አብ፣ ወላሂ እና የቲማቲም ዋጋ

ሐረር፣ ሸዋ በር ገበያ። ነጠላ የለበሱ እናት የአንድ መደብ ቲማቲም ዋጋ ጠየቁ። ሲነገራቸው «በስመ አብ!» ብለው ጣታቸውን ወደ ግንባራቸው ሰደዱ። ሻጯ ሳትከፋ «ወላሂ እማማ፣ የገዛሁበት ነው» አለች። እናትዬዋም «ወላሂ?» አሉ። እኔ የሳቅሁት ያኔ ነው።

«በስመ አብ» ተጀምሮ የቀረ ጸሎት ነው። ሙሉው በግዕዝ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ይላል። የሚጸልይ ሰው ይጨርሰዋል፤ የደነገጠ ግን «አብ» ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። እንግሊዝኛው «ጉድባይ» እንኳ «እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን» ከሚል ምርቃት ተቆራርጦ የቀረ ነው።

«ወወልድ» ላይ ያለው «ወ» «እና» ማለት ነው። የ«ወላሂ» «ወ» ግን ሌላ ሥራ አለው። ዐረብኛ «ወ»ን ለማያያዣም ለመሐላም ይጠቀምበታል፤ እዚህ የገባው ለመሐላ ነው፦ «በአላህ እምላለሁ»። መጨረሻው «ላሁ» መሆኑ ቀርቶ «ላሂ» የሆነውም ይኸው «ወ» ስለጎተተው ነው። ይህን ያህል የከበደ መሐላ እኛ ሰፈር ከ«እውነትህን ነው?» ብዙም አይበልጥም፤ ማተብ ያሰረውም ይለዋል።

የሚያስቸግረው «ኢንሻላህ» ነው። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ «አላህ ከፈቀደ»። አጠቃቀሙን ግን የተማርኩት መኪና ግርግር፣ የስፌት መኪና ድምፅ ስም ባወጣለት መንገድ ላይ ነው። ሱሪ ላሳጥር ሰጥቼ ልብስ ሰፊው «ነገ ኢንሻላህ» አለኝ። በማግስቱ ሄድኩ፤ «ነገ ኢንሻላህ»። በሦስተኛው ቀን «ነገ አሥር ሰዓት ኢንሻላህ» ሲለኝ ሱሪው ደረሰ። ሰዓት ያልተቆረጠለት «ኢንሻላህ» አንገት ሳያስደፋ «አይሆንም» የሚባልበት ትሕትና መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። «እግዜር ካለ» የሚለው የእኛውም ቢሆን ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደለም።

ወደ ቲማቲሙ ልመለስ። እናትዬዋ መደቡን ገዙ፤ ሻጯም ሁለት ፍሬ መረቀችላቸው። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አሏት። ቃሉን ልብ ካሉት ውለታ መላሹ አመስጋኙ አይደለም፦ «እኔ የምከፍልሽ የለኝም፤ በእኔ ፈንታ እሱ ይስጥሽ» ነው። ሻጯ ሒሳቧን እየቆጠረች «አሚን» አለች።