የስትሮክ ሲቲ ስካን ምንድን ነው? «ንጹህ ነው» ሲባልስ?

ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር የራስ ሲቲ ስካን (በኤክስሬይ ጨረር የሚነሣ የአንጎል ምስል) ማንበብ የዕለት ሥራዬ ነው። ታካሚው ከለገጣፎም ከሰንዳፋም በባጃጅ፣ በሚኒባስ፣ ዕድል ከቀናው በአምቡላንስ ይደርሳል። ውጤቱ ሲወጣ ከቤተሰቡ አንዱ «ምንም የለውም ከተባለ ስትሮክ አይደለም ማለት ነው፤ ወደ ቤት እንውሰደው» ይላል። ቤተሰቡን አልወቅስም። ይህንኑ ሐሳብ አንድ አስተያየት ሰጪ ሰሞኑን በሬዲዮ እንደ ሕክምና ምክር ሲያስተላልፈው ግን ትዕግሥቴ አለቀ። እንደ እርሱ አባባል ስትሮክ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ሲቲ ስካን ነው፤ ምስሉ ንጹህ ከሆነ ስጋቱ አልፏል። አላለፈም።

በስትሮክ ጊዜ ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ሥር ወይ በረጋ ደም ይደፈናል፣ ወይ ይፈነዳል። ይህን የማያውቅ ስለሌለ አላብራራውም። ፊቱ ተጣሞ፣ ክንዱ ዝሎ፣ አንደበቱ ተሳስሮ የመጣ ሰው የትኛው እንደደረሰበት በዓይን አይቶ መለየት ግን አይቻልም። ኃይለኛ ራስ ምታትና ማስመለስ ወደ መፍሰስ ያመለክታሉ እንጂ አይወስኑም። ያልታከመ የደም ግፊት በበዛበት በአገራችን ደግሞ የመፍሰሱ ድርሻ ከበለጸጉት አገሮች ከፍ ያለ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አንጎሉ ውስጥ ደም ለሚፈሰው ሰው ቢሰጥ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ያለ ኮንትራስት (ደም ሥሮች እንዲታዩ በመርፌ የሚሰጥ ፈሳሽ) የሚነሣው የመጀመሪያው ሲቲ ስካን በዋናነት የሚጠየቀው «ደም አለ ወይ?» ተብሎ ነው። ስትሮክ መሆኑንማ ሐኪሙ ታሪኩን ሰምቶ፣ ታካሚውን መርምሮ አስቀድሞ ጠርጥሯል።

ማሽኑ የሚለካው እያንዳንዱ የአካል ክፍል ጨረሩን ምን ያህል እንደሚያስቀር ነው። በፈልሳፊው በእንግሊዛዊው መሐንዲስ በጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ስም በሚጠራው መለኪያ ውሃ 0፣ ጤናማ አንጎል ከ20 እስከ 40 ገደማ፣ አዲስ የረጋ ደም ከ50 እስከ 80 ገደማ ነው። ስለዚህ የፈሰሰ ደም በግራጫው መሐል ነጭ ሆኖ ወዲያው ይታያል። ደም የተቋረጠበት አንጎል ግን በምስሉ ላይ የሚጠቁረው ውሃ እየቋጠረ ሲሄድ ነው፤ ይህም ሰዓታት ይወስዳል።

በከተማው ጫፍ የሚኖር ሰው የጓሮ ጎመኑን ያስብ። ቧንቧው ከፈነዳ ግቢው ጭቃ ይሆናል፤ በአጥር ቀዳዳ ያየ ሁሉ ያውቃል። ቧንቧው ከተደፈነስ? በዚያው ጠዋት የተነሣ ፎቶግራፍ የሚያሳየው ለምለም ጎመን ነው። ፎቶግራፉ አልዋሸም፤ ውሃው ግን የለም። ጎመኑ የሚጠወልገው ውሎ አድሮ ነው። ካነሣሁት አይቀር ልግፋበት፦ ጎረቤት በአጥሩ ላይ ጎማ ዘርግቶ ውሃ ቢያቀብል የመደቡ ዳርቻ ለጊዜው ይተርፋል። በአንጎልም አጎራባች ደም ሥሮች እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ሐኪሞች የሚሯሯጡት ያንን ዳርቻ ለማትረፍ ነው። ጭቃውም ቢሆን ሲከርም የአፈሩን ቀለም ይይዛል። የፈሰሰ ደም ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነጭነቱን እያጣ ከአንጎሉ ጋር ይመሳሰላል፤ ዘግይቶ ለመጣ ታካሚ «ደም አልፈሰሰም» ብዬ የማልምለው ለዚህ ነው። ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ አይሠራም። እኛ ሰፈር ውሃ ሲጠፋ ሮቶ አለ፤ አንጎል ሮቶ የለውም።

እንግዲህ አንድ ሰው በድንገት ግማሽ ጎኑ ዝሎ፣ ምስሉ ንጹህ ከሆነ ዋናው ተጠርጣሪ የተደፈነ ደም ሥር ነው። (ስኳሩ መለካቱን ሳልጠይቅ አላልፍም። የወረደ ስኳር ስትሮክ መስሎ ይመጣል፤ ጣት ወግቶ ለማወቅ ደግሞ ደቂቃም አይፈጅም።) አስተያየት ሰጪው «ወደ ቤት» ያለበት ውጤት ለድንገተኛ ክፍሉ «ፍጠን» የሚል ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው አልቴፕሌዝ በመደበኛው አሠራር የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። «እርሱስ እኛ አገር የት ይገኛል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ በአብዛኞቹ ሆስፒታሎች የለም። አስፒሪን ግን አለ፤ ምግብና ውሃ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ታካሚው መዋጥ መቻሉን ማረጋገጥም ገንዘብ አይጠይቅም። አስፒሪኑ የሚሰጠው ደም አለመፍሰሱ ከታየ በኋላ ነው። ቤት ውስጥ «ለማንኛውም» ብላችሁ አትስጡ።

«ንጹህ» የሚለው ቃልም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም። አንዳንዴ በትልቁ ደም ሥር ውስጥ የረጋው ደም ራሱ እንደ ነጭ መስመር ይታያል፤ አንዳንዴ በግራጫውና በነጩ የአንጎል ክፍል መካከል ያለው ድንበር ብቻ ይደበዝዛል። ይህን ፈልጎ ለማግኘት የትኛው ጎን እንደዛለ ማወቅ ይረዳል፤ የሚላክልኝ ወረቀት ግን «ራስ ሲቲ» ብቻ ይላል። የማጅራት አካባቢ አጥንት ወፍራም ስለሆነ ከኋላ በታችኛው አንጎል ላይ የደረሰውን ጉዳት ሲቲ ስካን በቀላሉ ሳያሳይ ያልፋል። ከባድ የደም ማነስ ባለበት ሰው አዲስ ደም እንኳ እንደልማዱ ነጭ ላይሆን ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ከዓመታት በፊት ያለፈ ስትሮክ የተወው ጥቁር ጠባሳ ይታይና «ይኸው ተገኘ» ይባላል፤ የዛሬው ግን ሌላ ቦታ ነው። «ይበልጥ እንዲታይ በመርፌ ይሁንልን» የሚሉም አሉ። ኮንትራስቱም በምስሉ ላይ ነጭ ነው፤ ቀድሞ ከተሰጠ ከደም ጋር ያምታታናል። የደም ሥሮቹን ለማየት ይጠቅማል፤ ተራው ግን ሁለተኛ ነው።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ የሰዓቱ ነገር ነው። ቤተሰቡ «ሁለት ሰዓት ላይ ነው የወደቀው» ይላል፤ ማሽኑ በፈረንጅ አቆጣጠር 20:40 ብሎ ያትማል፤ መሐል ያለው ሰው 2:00 ብሎ ይጽፋል። ያንን ከቀኑ 14:00 አድርጎ ያነበበ ሐኪም ጊዜው አልፏል ብሎ መድኃኒቱን ይከለክላል፤ ታካሚው ግን ከወደቀ ገና 40 ደቂቃው ነው። ከእንቅልፉ ሲነቃ ዝሎ የተገኘ ከሆነ ደግሞ የሚቆጠረው ለመጨረሻ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ከታየበት ሰዓት ጀምሮ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ከምሽቱ» ወይም «ከጠዋቱ» የምትለዋን ቃል ጨምሩልኝ፤ የዛለው ቀኝ ይሁን ግራም ጻፉልኝ።